ድመቷም ብለዋል

ቀይዋ መብራት በርታለች፣ ማይኩ ተከፍቷል፣ አንባቢዋም ከሁለተኛው ዜና ወደ ሦስተኛው እየተሻገረች ነው። የምሳ ሰዓት ዜና ነው። ጽሑፉ እጇ የገባው የመክፈቻው ሙዚቃ ከጀመረ በኋላ ስለሆነ፣ እንደ ልማዷ አስቀድማ ዓይኗን ልታሳርፍበት አልቻለችም።

"በመሰላል ምልክት የሚወዳደሩት አንጋፋዋ ተዋናይት፣ ከተመረጡ ለውሃ ቅድሚያ እንደሚሰጡ ገልጸው፣ 'እኔ የሕዝብ ልጅ ነኝ' ብለዋል።"

እዚህ ድረስ ሰላም ነው።

"በጃንጥላ ምልክት የሚወዳደረው የቀድሞው በረኛ በበኩሉ፣ 'መንገዱ ሳይጠገን እንቅልፍ የለኝም'..."

ወረቀቱ ላይ ቀጥሎ የተጻፈው "ብሏል" ነበር። አንባቢዋ "ብ" ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ገጠመ። አልላቀቅ አለ። ከተማው ሙሉ ምሳውን እየበላ ይሰማታል፣ እሷ እዚያች ፊደል ላይ ተገትራለች። ከዚያ ምላሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ወደምታውቀው መንገድ ሮጠች።

"...ብለዋል።"

ዐረፍተ ነገሩ በአንተ ጀምሮ በአንቱ አለቀ።

በመስታወቱ ማዶ የተቀመጠው የድምፅ ባለሙያ፣ ባሏ ነው፣ ጎል እንደገባለት ሰው ሁለት እጁን ሰቅሎ ብድግ አለ። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ሳበውና መልሶ አስቀመጠው። እሷ ቀሪውን ዜና እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። የአየር ጠባዩን አንብባ መብራቷ ስትጠፋ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ስልክ መጮህ ጀምሮ ነበር።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል። "ብሏል"ም "ብለዋል"ም ያው አንድ ሰው አንድ ነገር ተናገረ ማለት ነው። ዜና ቤት ግን እንዲህ አይደለም። ሹም "ብለዋል" ነው። ዘፋኝና ኳስ ተጫዋች "ብሏል" ነው፤ ፀጉሩ ቢሸብትም፣ የልጅ ልጅ ቢያይም ያው "ብሏል" ነው። ሕዝብ የሚወደውን አንተ ይላል፣ የሚፈራውን አንቱ። በዚህ ማንም ተከራክሮ አያውቅም ነበር፣ ዘንድሮ ሁለት ዝነኞች ምርጫ ላይ ፊት ለፊት ተገናኝተው አገሩን እስኪያምሱት ድረስ።

መሰላሎች ተዋናይቷን አቆሙ። በቴአትርም በሬዲዮ ድራማም ጎረቤት አጣልታ፣ ኋላ አልቅሳ የምታስታርቅ ሴት እየሆኑ ዕድሜያቸውን ስለጨረሱ አገር ሁሉ "እትዬ ጥሩንባ" ነው የሚላቸው። ጃንጥላዎች ደግሞ በረኛውን አቆሙ። ኳስ እጁ ላይ አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም ነበርና "ሙጫው" ይባላል። ጓንቱን ከሰቀለ ብዙ ዘመን ሆኖታል፣ አሁን የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ለሁለቱ ምን ይባል የሚለውን የወሰነው የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ነው፦ ለእሳቸው "ብለዋል"፣ ለእሱ "ብሏል"። ለምን ሲባል "እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው" አለ። ሙጫው በዕድሜ እንደሚበልጣቸው ሲነገረው "የኳስ ሰው አያረጅም" ብሎ ነገሩን ዘጋ። የመሰላል ሰው መሆኑን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። መናገርም አላስፈለገውም።

አሁን በሩን ሳያንኳኳ ገባ። እሱና አንባቢዋ አንድ ቀን ተቀጥረው፣ አንድ ጠረጴዛ ተካፍለው ያደጉ ስለሆኑ አለቅነቱ እስከዛሬ በመካከላቸው እምብዛም አልገባም ነበር።

"ምን ማድረግሽ ነው?"

"ምን አደረግኩ?"

"ሙጫውን አንቱ አልሽው!"

"አምልጦኝ ነው።"

"ስድብ ያመልጣል። አክብሮት እንዴት ያመልጣል?"

ባሏ ከመስታወቱ ክፍል ብቅ አለ። ፊቱ እንደ በራ ነው። "ምን አጠፋች? ሰውየው ዕጩ አይደል? ዕጩ ሁሉ እኩል ነው።"

"አንተ ደግሞ ዝም በል። ባለፈው ምርጫ አንድ ዘፋኝ በጃንጥላ ሲወዳደር 'ጥበበኛ የሕዝብን ሆድ ያውቃል' ስትል አልነበር? ዛሬ እትዬ ሲወዳደሩ 'ተዋናይ ሥራዋ ማስመሰል ነው' ትላለህ።"

"አንተስ? 'ዘፈን ሌላ፣ አገር መምራት ሌላ' እያልክ ስታደርቀን የከረምከው ሰውዬ ነህ ዛሬ 'የሕዝብ ልጅ' የምትለኝ?"

"ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ!" አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ተፋጠጡ። አንባቢዋ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፣ የሥራ አስኪያጁ ቀጣይ ቃል ግን አጠፋው።

"በአመሻሹ ዜና እርማት ታነቢያለሽ። 'በቀኑ ዜናችን ብለዋል የተባለው፣ ብሏል ተብሎ ይታረም።' አንድ መስመር ናት። አላነብም ካልሽ ነገ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል፣ አንቺ ማስታወቂያ ክፍል ትሄጃለሽ። እኔም ከላይ የሚጠይቀኝ አለ፣ አትፍረጂብኝ።"

"ስህተት ነበር ብዬ ላንብብ?"

"ስህተት ነበራ! 'ብሏል' ትያለሽ፣ በቃ። ምን ይከብዳል?"

ወጥቶ ሄደ። ባሏ ትከሻዋን አቀፋት። "አኮራሽኝ እኮ! ለእኔ ብለሽ ነው አይደል?"

"ለአንተ? ለአንተ ብዬ ሻይ እንኳ አላፈላም።"

"እና ለማን ነው?"

ወረቀቶቿን ሰበሰበች። በልጅነቷ ትንተባተብ እንደነበር ያውቃል፣ ግን እንደ ኩፍኝ ወጥቶላት የቀረ ነገር ይመስለዋል። በየቀኑ ከዜናው ቀደም ብላ ለምን እንደምትገባ ጠይቋት አያውቅም። ቀድማ የምትገባው እርሳስ ይዛ "ብሏል"ንና "ብላለች"ን ከጽሑፉ ለመልቀም ነው። አንዱን "ተናግሯል" ታደርገዋለች፣ ሌላውን "ገልጻለች"። የማትነካው "ብለዋል"ን ብቻ ነው፣ እሱ ላይ ምላሷ ተይዞ አያውቅም። ዛሬ እርሳሱ ሳይደርስ ቀይዋ መብራት ቀደመችው።

እውነቱን ብትናገር ትድን ነበር። "ፖለቲካ አይደለም፣ ተንተባትቤ ነው" ብትል ሥራ አስኪያጁ ይቅር ይላታል። ግን ለተንተባታች የዜና ወንበር የሚሰጥ ማን አለ? ወንበሩ ራሱ እኮ ምን የሚያምር ነገር አለው፣ ስፖንጁ በጎን ወጥቷል፣ አንዱ ጎማው አይዞርም። ለእሷ ግን ከትምህርት ቤት "ይቺ ልጅ አትናገርም፣ ቤት ትቀመጥ" ተብላ የተመለሰች ልጅ ተነሥታ፣ ከተማ ሙሉ ምሳውን አቁሞ የሚያዳምጣት ሰው የሆነችበት ወንበር ነው። እሱን ማጣት ማለት ወደዚያ ዝምታ መመለስ ነው የሚመስላት።

ስልኳ ጠራ። እናቷ ናት።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?"

"እማ፣ ምሳ በላሽ?"

"ምሳዬን ተዪው! ሬዲዮኑን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ነው የምሰማሽ፣ አንድ ቃል አያመልጠኝም። ያንን ኳስ ለቃሚ ከእሷ እኩል አንቱ ትይዋለሽ?"

"እትዬን ምን በደልኳቸው? እሳቸውንም አንቱ ነው ያልኩት።"

"እሱን ከፍ ካደረግሽው እሷ ዝቅ አለቻ! ውለታ የሚባል ነገር የለም? እሷ ባትኖር ዛሬ አፍ ይኖርሽ ነበር?"

"እማ፣ ስሚኝ..."

"እኔ ውለታ ቢስ ልጅ አልወለድኩም!" ስልኩ ተዘጋ።

የሥራ አስኪያጁ ቁጣ ያልነካው ቦታ ላይ ይሄኛው ገባ። አንባቢዋ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እናቷ ያለችው ነገር እውነት ነዋ። ያሳመማትም እውነትነቱ ነው።

እናቷ የቴአትር ቤት ልብስ ሰፊ ነበረች። ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል የስፌት መኪናዋ ሲንኳኳ ይውላል፣ ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር በጨርቅ ቁርጥራጭ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጣ ትውላለች። ችግሩ የራሷ ስም በ"ብ" የሚጀምር መሆኑ ነው። ሰው ስሟን ሲጠይቃት "ብ... ብ..." ትላለች፣ ጠያቂው ቸኩሎ ይጨርስላታል ወይም ሌላ ስም ሰጥቷት ይሄዳል። አንድ ቀን እትዬ ጥሩንባ የንግሥት ቀሚስ ሊለኩ ገቡ። ጠርዙ ዙሪያውን በስፒል ተይዟል፣ እጃቸው ወደ ጎን ተዘርግቷል፣ ዓይናቸው ቅርጫቱ ላይ አረፈ።

"ስምዎን ማን ልበል?" አሏት።

ልጅቷ ትልቅ ሰው ገብቶ እንደሆነ ብላ ዞር አለች። ማንም የለም።

"ብ... ብ... ብ..."

እናቷ ስፒል የያዘ አፏን ከፍታ ልትጨርስላት ስትል እትዬ በዓይናቸው ገሠጿት። "ተያቸው። እሳቸው ይጨርሱ። እኔ አልቸኩልም።" የመድረኩ ደወል ተደወለ። አዘጋጁ በሩ ላይ መጥቶ ጮኸ። እትዬ ጥሩንባ ልጅቷ ስሟን እስክትጨርስ ድረስ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ሆነ። "አጭሩን ቃል አይያዙት፣ ግድግዳ ነው፣ ያጋጭዎታል" ይሏታል። "ረጅሙን ይያዙና መጨረሻውን እያዩ ይሂዱ። እስቲ፣ ንጉሡ ምን አሉ?"

"እራት አምጡ ብ... ብለዋል!"

"ዘበኛውስ?"

"በሩን ዝጉ ብለዋል!"

"ድመቷስ?" የቴአትር ቤቱ ድመት መጋረጃው ላይ ተኝታለች።

"ወተት አምጡ ብለዋል!"

"ድመቷም ብለዋል?"

"ድመቷም ብለዋል!"

ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። ልጅቷ ዜና አንባቢ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ዜና ከጫፍ እስከ ጫፍ "ብለዋል" ነዋ።

ከሰዓት በኋላውን የአመሻሹን ዜና ስታዘጋጅ ዋለች። የዕጩዎቹ ውሎ አለ፣ የገበያ ዋጋ አለ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዘጋቢው በስልክ የነገራት ትንሽ ወሬ አለች። አንዲት ሕፃን ልጅ ብቻዋን በፎቅ ሊፍት ውስጥ ተዘግቶባት ቆይታ በሰላም ወጥታለች። "አታለቅስም ነበር እኮ" አላት ዘጋቢው። "ከጥበቃው ጋር በበሩ ክፍተት ስታወራ ነበር። 'አልፈራሁም፣ ግን ቶሎ ኑ' አለችው።" አንባቢዋ ወሬውን ጻፈችና መጨረሻው ላይ በደንቡ መሠረት "ብላለች" አለች።

ባሏ የኮሪደሩን ስልክ እጀታ ይዞ በበሩ ብቅ አለ። ዓይኑ ፈጥጧል። "ነይ፣ ላንቺ ነው። ራሱ ነው። ሙጫው!"

ድምፁ ሻካራ ነው፣ ከጀርባው የብረት ኳኳታ ይሰማል። "ልጄ፣ የምሳውን ዜና ያነበብሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ... እኔ ነኝ።"

"እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስታዲየም ሙሉ ሰው አንተ ሲለኝ ኖሬያለሁ፣ ከፍቶኝም አያውቅም። በፍቅር ነው የሚሉኝ። ዛሬ ግን የልጅ ልጄ ሱቁ ውስጥ ሬዲዮኑን ሰምቶ 'አያዬ፣ አንቱ አሉህ!' ብሎኝ ጎረቤት ሊነግር ሮጠ። ምን ልበልሽ፣ ደስ አለኝ። አመሰግናለሁ ልልሽ ነው የደወልኩት።" ሳቀ። "ደግሞ ጣጣ ካመጣብሽ አስተካክዪው፣ እኔ አልቀየምም። ለእንጀራሽ አስቢ።"

"እሺ" ብቻ አለች።

እትዬ ጥሩንባ ለእንግዳ ሰዓት ዝግጅት የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ከፊታቸው ድምፃቸው ነው የገባው። "የት አሉ የእኔ እመቤት? እርስዎ፣ እንዴት ሰነበቱ?" ዛሬም ድረስ አንባቢዋን እርስዎ ነው የሚሏት። አቀፏት፣ ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት። ከኋላቸው ሙሉ ልብስ የለበሰ የቅስቀሳ ኃላፊያቸው፣ ከእሱ ኋላ ሥራ አስኪያጁ ሻይ አስይዞ ገባ።

"እትዬ፣ ስለ ምሳው ዜና ይቅርታ" አለ ሥራ አስኪያጁ። "በአመሻሹ ይታረማል።"

"ይታረም እንጂ!" አሉና ያንን ጥሩንባ የሚያሰኛቸውን ሳቅ ለቀቁት። "ኳስ ሲያሳድድ የኖረን ሰው ከእኔ እኩል!"

"በረኛ አያሳድድም፣ ይጠብቃል" አለ ባሏ ከማዶ።

"ይጠብቅ! ቆሞ ሲጠብቅ የኖረ ሰው አሁን ደግሞ ምክር ቤት ሄዶ ሊቆም ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አንባቢዋ አልሳቀችም። የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

"እትዬ፣ እኔ ያኔ ምን ነበርኩ?"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"ከጨርቅ ቁርጥራጭ ጋር ቅርጫት ውስጥ የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። ስሜን እንኳ መናገር የማልችል። እርስዎ ግን አንቱ አሉኝ። ንጉሡን አንቱ አልን፣ ዘበኛውን አንቱ አልን፣ ድመቷንም አንቱ አልናት።" "ሙጫው ከድመቷ ያንሳል?"

የቅስቀሳ ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። "ያ የልጅ ጨዋታ ነው። ይሄ ምርጫ ነው።"

"ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ" አለ ሥራ አስኪያጁም።

እትዬ ጥሩንባ ቦርሳቸውን ከፈቱ። "እስቲ ውጡልኝ፣ ፊቴን ላስተካክል።"

"እትዬ፣ ሬዲዮ ነው እኮ" አለ ኃላፊው።

"ለራሴ ነው። እርስዎ ይቆዩ፣ ሌሎቻችሁ ውጡ።"

በሩ ሲዘጋ መስታወቱንም ቀለሙንም አላወጡም። አንባቢዋን ትክ ብለው አዩዋት።

"'ብ' ላይ ተያዝሽ አይደል?"

ስንት ዘመን ሙሉ እርስዎ ያሏት ሴት አሁን አንቺ ሲሏት አንባቢዋ አንገቷን ደፋች። እንባዋ ቀድሟት ወረደ።

"መኪና ውስጥ ሆኜ ሰማሁሽ። ሌላው ቃሉን ነው የሰማው፣ እኔ ትንፋሽሽን ነው የሰማሁት። ለአለቃሽ ልንገረው? እኔ ከነገርኩት እሺ ይለኛል።"

"አይንገሩት።"

"ታዲያ እርማቱን አንብቢና ይለፍልሽ። ሙጫውም ቢሆን የሚሞት አይመስለኝም።"

"እሱም አስተካክዪው ይለኛል። ደውሎ አመስግኖኝ፣ ለእንጀራሽ አስቢ አለኝ።" ዓይኗን በእጇ ጠረገች። "እትዬ፣ ለእሱ ብዬ አይደለም። ያቺን ቃል እኮ እርስዎ ነዎት የሰጡኝ። ያለኝ ሁሉ የመጣው በእሷ ነው። አሁን እሷን ይዤ 'ስህተት ነበረች' ብዬ በአየር ላይ ላንብብ? እማ ውለታ ቢስ አለችኝ። ውለታ ቢስ የምሆነው ያነበብኩ ቀን ነው።"

እትዬ ጥሩንባ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዕድሜያቸው ፊታቸው ላይ ታየ።

"በጃንጥላዎቹ ሬዲዮ እኔን ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? 'ተዋናይዋ እንዲህ ብላለች።' እሱን ደግሞ 'ክቡርነታቸው።' ስሰማው ይቆጠቁጠኛል። ሌሊት ሁሉ እገላበጣለሁ። እዚህ ስመጣ ደግሞ ያንኑ እኔ በእሱ ላይ..." ተነሡ፣ መቀነታቸውን አጠበቁና በሩን ከፈቱ።

ቃለ መጠይቁ በቀጥታ ነው የሚተላለፈው፣ ጠያቂውም ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው። አንባቢዋ ከመስታወቱ ማዶ ከባሏ ጎን ቆመች። ስለ ውሃው ተጠየቁ፣ መለሱ። ስለ ትምህርት ቤቱ ተጠየቁ፣ መለሱ፣ አሳቁም። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ ወደሚፈልገው ቦታ መጣ።

"ተፎካካሪዎ መንገድ እጠግናለሁ እያለ ነው። ምን ይላሉ?"

"ሙጫው እንኳ... እሱ..." አሉና ቆሙ። በሬዲዮ ዝምታ ረጅም ነው። ባሏ ማይኩ የተቋረጠ መስሎት ቁልፉን ነካ አደረገ። እትዬ ጥሩንባ ዓይናቸውን ወደ መስታወቱ አነሡ።

"እሳቸው" አሉ። "እሳቸው ያሉት እውነት ነው። መንገዱ ፈርሷል፣ መጠገን አለበት። እኔ ውሃው ይቅደም የምለው፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ለቧንቧ ተብሎ እንደገና እንዳይቆፈር ነው። እንግዲህ ሕዝቡ ይፍረደን። መንገዱን በተመለከተ ግን ደግ ብለዋል።"

የሥራ አስኪያጁ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ኮሪደሩ ላይ የቅስቀሳ ኃላፊው ጭንቅላቱን ያዘ። (እኛም እስካሁን "ሙጫው አለ፣ ሙጫው ሳቀ" ስንል ቆይተናል። ከዚህ በኋላ እናስተካክል፤ ሙጫው አሉ፣ ሙጫው ሳቁ።)

ስልኩ እንደ ምሳ ሰዓቱ ጮኸ፣ አሁን ግን የሚጮሁት መሰላሎች ናቸው። "እትዬ ሸጡን!" አለ አንዱ። "ዛሬ አንቱ ካሉት ነገ ሊመርጡት ነው" አለ ሌላው። ኃላፊው የመኪናውን በር እንኳ ሳይከፍትላቸው ፊት ለፊት ገብቶ ተቀመጠ።

አንባቢዋ እስከ ደረጃው ሸኘቻቸው። "እትዬ፣ ድምፅ ይቀንስብዎታል።"

"ይቀንሳል" አሉ፣ ሳቅ ሳይሉ። "ልመረጥ እፈልጋለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን እርስዎን ያሳደግኩበትን ቃል ለምርጫ ብዬ ከነጠቅኩ ምን ቀረኝ?"

እርስዎ ተመልሶ መጣ። አንባቢዋ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። ይህን ሁሉ ዘመን በአፏ ስታመሰግናቸው አልኖረችም፣ ሁሌ የሚያውቁት ይመስላት ነበር።

"እትዬ፣ አመሰግናለሁ። ስሜን እስክጨርስ ስለጠበቁኝ። አፍ ስለሰጡኝ። ዛሬም ደግሞ..."

ተያዘች። እትዬ ጥሩንባ አንድ እግራቸውን መኪናው ውስጥ እንዳደረጉ ቆሙ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ።

"ይጨርሱ" አሏት። "እኔ አልቸኩልም።"

ለአመሻሹ ዜና ስትቀመጥ ሥራ አስኪያጁ የእርማቷን ወረቀት ይዞ ገባ። አጠገቧ ቆሞ አየው፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው።

"እሳቸው ራሳቸው አንቱ ካሉት እኔ ማንን ላርም?" አለ። ተቆጥቶም አልነበረም፣ ደክሞት ነበር። "በቃ፣ ለዕጩዎቹ 'ብለዋል'። ሌላው እንደ ድሮው። ከጽሑፉ አንድ ፊደል እንዳትወጪ ግን፣ እባክሽ። ሁለተኛ ላድንሽ አልችልም።"

"አመሰግናለሁ" አለችው ከልቧ። በዚያ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ማስቀመጥ ቀላል ነበር፣ አላደረገውም።

ሲወጣ እርሳሷን አነሣች። ዛሬ ጊዜ አላት። ገጹን እንደ ልማዷ ከላይ ወደ ታች ለቀመችው፣ መጨረሻው ላይ ሊፍት ውስጥ የተዘጋባት ልጅ "ብላለች" ጠበቀቻት። "ተናግራለች" ማድረግ ይቻላል፣ ሁሌም የምታደርገው ነው። ደንቡም አይነካ፣ ምላሷም አይያዝ፣ ወንበሯም አይነቃነቅ። እርሳሱን ቃሉ ላይ እንዳደረገች ያቺን ልጅ አሰበቻት፤ ጨለማ ውስጥ ብቻዋን ቆማ፣ በጠባብ ክፍተት በኩል ሰው እስኪደርስላት ስትናገር። ቃሉን ሰረዘችና ከላዩ በእጇ ሌላ ጻፈች፣ ከፊቱ ያለውንም ግስ ከእሱ ጋር አስማማች።

ቀይዋ መብራት በራች። የገበያውን አነበበች። እትዬ ጥሩንባ ብለዋል፣ ሙጫው ብለዋል፣ ዐረፍተ ነገሮቹ ከራስ እስከ እግራቸው ገጠሙ። ከዚያ መጨረሻዋ መጣች።

"ሕፃኗ በሩ እስኪከፈት በጠበቁበት ጊዜ፣ በክፍተቱ በኩል ለጥበቃ ሠራተኛው፣ 'አልፈራሁም፣ ግን ቶሎ ኑ'..."

"ብ" ላይ ደረሰች። ከንፈሯ ገጠመ። በመስታወቱ ማዶ ባሏ ቀና አለ፣ በሩ ላይ ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ አልቸኮለችም። ይሄኛው አያመልጣትም።

"...ብለዋል" አለችና ወደ አየር ጠባዩ አለፈች።